ዝምድና ውልን አይተካም፦ የዩኒክስ ቤተሰብና ሶፍትዌርን የማሸጋገር ጥያቄ

መግቢያ

አንድን ሶፍትዌር ከተጻፈበት ሥርዓተ ክወና ወደ ሌላ ማሸጋገር ምን ያህል ድካም እንደሚጠይቅ ሲገመት፣ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚታየው የሁለቱ ሥርዓቶች ዝምድና ነው። ሊነክስ፣ ማክኦኤስ፣ ፍሪቢኤስዲና ሶላሪስ ከአንድ የዩኒክስ ቤተሰብ ስለሚቆጠሩ፣ በአንዱ ላይ የሠራ ፕሮግራም በሌላውም ላይ ያለ ብዙ ችግር ይሠራል የሚል እምነት በተመራማሪዎች ዘንድ የተለመደ ነው። በግል ላፕቶፕ ላይ የተጻፈ የስሌት ፕሮግራም በዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ላይ ተጭኖ፣ ውጤቱ በቀጥታ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ የሚገባውም በዚሁ እምነት ነው።

እምነቱ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ሆኖም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ ያያል፤ እነርሱም የዘር ሐረግና ውል ናቸው። ከአንድ ግንድ መውጣት ሥርዓተ ክወናዎችን በመልክ ያመሳስላቸዋል። ፕሮግራምን ከአንዱ ወደ ሌላው በሰላም የሚያሻግረው ግን በጽሑፍ የሰፈረ ስምምነት ነው። ስምምነቱ ዝም ባለበት ቦታ የቅርብ ዘመዳሞች እንኳ ይለያያሉ፤ ልዩነቱም በመመሳሰላቸው ስለሚሸፈን ሳይታይ ያልፋል። ከዚህ የሚከተለው መደምደሚያ ዝምድናው ዋጋ የለውም የሚል አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ግን ፕሮግራሙን ማሳለፉ ሳይሆን፣ በፕሮግራሙ ውስጥ የተደበቁ ግምቶችን በትንሽ ወጪ ለመፈተሽ ማስቻሉ ነው።

አንድ ግንድ፣ ሁለት ቅርንጫፍ

ዩኒክስን በ1969 በቤል ላቦራቶሪ የጀመሩት ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ናቸው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአሰምብሊ ቋንቋ የተጻፈ በመሆኑ ከማሽኑ ሊነጠል አይችልም ነበር። በ1973 በሲ ቋንቋ እንደገና ሲጻፍ ነገሩ ተለወጠ። በ1977 እና በ1978 የአውስትራሊያው ወሎንጎንግ ዩኒቨርሲቲና ቤል ላቦራቶሪ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ዩኒክስን ከፒዲፒ-11 አውጥተው ወደ ኢንተርዳታ ማሽኖች ማሸጋገር ቻሉ።

የዚያ ዘመን ትምህርት ዛሬም አልደበዘዘም። ፒዲፒ-11 ሁለት ባይት የያዘን ቁጥር ሲያስቀምጥ ታናሹን ባይት ያስቀድማል፤ ሌሎች ማሽኖች ግን ታላቁን ያስቀድማሉ። በዚህ ምክንያት «ዩኒክስ» የሚለው ስም የተጻፈባቸው አራት የላቲን ፊደላት ጥንድ ጥንድ ሆነው ቦታ ሲለዋወጡ «ኑክሲ» ተብለው ይነበባሉ፤ ችግሩም እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይታወቃል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በሲ ፕሮግራሞች ውስጥ የማኅደረ ትውስታ አድራሻና ሙሉ ቁጥር ያለ ልዩነት አንዱ በሌላው ቦታ ይገባሉ የሚል ልማድ ተንሰራፍቶ መገኘቱ ነበር። በአንድ ማሽን ላይ ብቻ እስከተሠራ ድረስ ልማዱ ጉዳት ስላላመጣ ስሕተትነቱ አይታይም ነበር። ስቲቨን ጆንሰን ሊንት የተባለውን የኮድ መመርመሪያ ሲያዘጋጅም ሆነ የሲ ቋንቋ የዓይነት ሕጎቹን ሲያጠብቅ፣ የማሸጋገሩ ሥራ ያሳደረው ግፊት ትልቅ ድርሻ ነበረው። ማሸጋገሩ ፕሮግራሞችን ወደ አዲስ ማሽን ከማድረሱም በላይ በቀድሞው ማሽን ላይ ተሸፍኖ የኖረውን ጉድለት ገለጠ።

ዩኒክስ ለዩኒቨርሲቲዎች በፈቃድ ይሰጥ ስለነበር ልጆቹ በፍጥነት በዙ። በበርክሊ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1978 ቢኤስዲ የተባለውን የመጀመሪያ ስርጭት አወጣ። በ1983 ሁለቱ ታላላቅ ቅርንጫፎች ጎን ለጎን ቆሙ፤ ባለቤቱ ኤቲ ኤንድ ቲ ሲስተም ፋይቭን ለገበያ ሲያቀርብ፣ በርክሊ ፕሮግራሞች በኔትወርክ የሚገናኙበትን ሶኬት ያካተተውን 4.2ቢኤስዲን አሠራጨ። ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ብዙ ኮድም ይጋሩ ነበር።

ልዩነቶቻቸው በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው የስም ልዩነት ነው። ባይቶችን ከቦታ ወደ ቦታ ለመቅዳት በርክሊ ቢኮፒ የተባለውን፣ ሲስተም ፋይቭ ደግሞ ሜምኮፒ የተባለውን ተግባር ይጠቀም ነበር። ይህ ዓይነቱ ልዩነት ብዙ አይጎዳም፤ ስሙ ከሌለ ፕሮግራሙ ገና ሲገነባ ይቆማል፣ ፕሮግራመሩም ያርመዋል። ሁለተኛው የትርጉም ልዩነት ነው። በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም ከውጭ ምልክት ሲደርሰው የትኛው የኮድ ክፍል መልስ እንደሚሰጥ የሚመዘገበው ሲግናል በተባለው ተግባር ነው። በሲስተም ፋይቭ ምዝገባው ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል፤ ሁለተኛ ምልክት ከዳግም ምዝገባ በፊት ከደረሰ ፕሮግራሙን ሊገድለው ይችላል። በበርክሊ ግን ምዝገባው ጸንቶ ይቆያል። የተግባሩ ስም አንድ ነው፤ የሚቀበላቸው ግብዓቶችም አንድ ናቸው፤ ኮምፓይለሩም ምንም ቅሬታ አያሰማም። የስም ልዩነት ራሱን ያጋልጣል፤ የትርጉም ልዩነት ግን በአንድ ስም ሥር ይሸሸጋል።

ዝምድናው ሲቀርብ መሸሸጊያው ይሰፋል። በቫክስ ማሽን ላይ ይሠራ በነበረው ቢኤስዲ የማኅደረ ትውስታ ዜሮ አድራሻ ሊነበብ የሚችልና ዜሮ የያዘ ስለነበር፣ ባዶ ጠቋሚን በስሕተት የሚያነብ ፕሮግራም ያለ አንዳች ችግር ሥራውን ይፈጽም ነበር። ይኸው ፕሮግራም የቢኤስዲ ልጅ የሆነው ሰንኦኤስ ወደሚሠራበት የሰን ማሽን ሲሄድ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ፈተና በሩቅ ዘመዶች ሳይሆን በአባትና በልጅ መካከል ነው።

በውል የገባው ልጅ

የሁለቱ ቅርንጫፎች መራራቅ የወለደው መፍትሔ የጽሑፍ ውል ነው። የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር የሆነው አይ-ትሪፕል-ኢ በ1988 ፖዚክስ የተባለውን መስፈርት አወጣ። መስፈርቱ የትኛው ቅርንጫፍ የትክክለኛው አባት ወራሽ እንደሆነ ለመፍረድ አልተነሣም። አንድ ፕሮግራም ከሥርዓቱ ምን ሊጠብቅ እንደሚችል ብቻ ደነገገ። ስለ ምልክቶች የነበረውን አለመግባባት የፈታውም ከሁለቱ አሠራሮች አንዱን በመምረጥ ሳይሆን፣ ባሕርይው በግልጽ የተወሰነ ሲግአክሽን የተባለ ሌላ ተግባር በማቅረብ ነው።

የውል ኃይል ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው በሊነክስ ነው። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 ከርነሉን የጻፈው ከቤል ላቦራቶሪም ሆነ ከበርክሊ ኮድ ሳይወስድ ነው። ከከርነሉ ጋር የተጣመሩት የግኑ መሣሪያዎችም በ1983 በታወጀ ፕሮጀክት ከባዶ የተጻፉ ናቸው። በዘር ሐረግ ከተቆጠረ ሊነክስ ከቤተሰቡ አይደለም። ነገር ግን ፖዚክስን በመከተሉ ለሌሎቹ የተጻፈ ሶፍትዌር በብዛት ወደ እርሱ ሊሻገር ቻለ። በሥጋ ያልተወለደ፣ በውል የገባ የጡት ልጅ ነው፤ ዛሬም የቤተሰቡን ስም በሰፊው የሚያስጠራው እርሱ ነው።

ማክኦኤስ የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ነው። በኔክስት ኩባንያ ሥርዓት በኩል ከቢኤስዲ ይወለዳል፤ 10.5 የተባለው እትሙም በ2007 ዩኒክስ የመባል ሕጋዊ ማረጋገጫ አግኝቷል። የዘር ሐረግም ማረጋገጫም ያለው ይህ ሥርዓት ከሊነክስ የሚመጡ ፕሮግራሞችን በየቦታው ያሰናክላል። ሴድ የተባለው ትእዛዝ ፋይልን እዚያው በቦታው እንዲያርም የሚያደርገው አማራጭ በግኑ ስሪት ያለ ተጨማሪ ግብዓት ይሠራል፤ በማክኦኤስ ግን የመጠባበቂያ ቅጂውን ቅጥያ የግድ ይጠይቃል። ስም የሌላቸው ሴማፎሮችን የሚፈጥረው ተግባር በማክኦኤስ ያለ ችግር ይገነባል፤ ሲጠራ ግን «አልተሠራም» የሚል የስሕተት ኮድ ይመልሳል። ብዙ የኔትወርክ ግንኙነቶችን በአንድ ጊዜ ለመከታተል ፍሪቢኤስዲ በ2000 ኬኪውን፣ ሊነክስ ደግሞ በ2002 ኢፖልን አስገቡ፤ አንዱ የሌላውን አይቀበልም።

እነዚህ መሰናክሎች በዘፈቀደ የተበተኑ አይደሉም። የሴዱ አማራጭ በፖዚክስ የ2008 እትም ውስጥ አልተደነገገም። ሴማፎሮቹን የ2001 እትም በአማራጭነት ነበር ያስቀመጣቸው። ኬኪውና ኢፖል ከመጀመሪያውም ከመስፈርቱ ውጭ የተወለዱ ናቸው። ልዩነቱ የሚገኘው ውሉ በላላበት ወይም ጨርሶ ባልተጻፈበት ቦታ ነው። በእነዚህ ቦታዎች የዘር ሐረግ ለፕሮግራመሩ የሚሰጠው ዋስትና የለም።

ዝምታው ያስከፈለው ዋጋ

እስካሁን የተነሡት መሰናክሎች ቢያንስ ፕሮግራሙን ያቆሙታል ወይም የስሕተት ምልክት ይሰጣሉ። ለምርምር የሚያሰጋው ግን ፕሮግራሙ ሳይቆም የተለየ ቁጥር ሲሰጥ ነው። በ2019 በማኖዋ የሚገኘው የሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ ያደረጉት ግኝት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2014 የታተመ አንድ የኬሚስትሪ የአሠራር መመሪያ የኒውክሌር ማግኔቲክ ሬዞናንስ ስሌቶችን የሚያጠናቅር የፓይተን ፕሮግራም አያይዞ ነበር። ተመራማሪዎቹ ያንኑ ፕሮግራም በዚያው መረጃ ላይ በተለያዩ ሥርዓተ ክወናዎች ሲያስኬዱ የተለያየ ውጤት አገኙ።

ምክንያቱ ፋይሎች የሚዘረዘሩበት ቅደም ተከተል ነበር። ፕሮግራሙ በአንድ አቃፊ ውስጥ ያሉትን ፋይሎች ሲዘረዝር በስማቸው ተራ ተደርድረው ይመጣሉ ብሎ ገምቷል፤ በዚያም ተራ መሠረት የአንዱን ስሌት ውጤት ከሌላው ጋር ያዛምድ ነበር። ፖዚክስ ግን አቃፊ ሲነበብ ፋይሎች በምን ተራ እንደሚመጡ አይደነግግም። በማክኦኤስ ማቨሪክስና በዊንዶውስ 10 ላይ የታሰበው ውጤት ሲገኝ፣ በኡቡንቱ 16 እና በማክኦኤስ ሞሃቪ ላይ ሌላ ቁጥር ወጣ።

ይህ አከፋፈል ትኩረት ይገባዋል። የተስማሙት ማክኦኤስ ማቨሪክስና ከቤተሰቡ ውጭ የሆነው ዊንዶውስ ናቸው። የተለያዩት ደግሞ የአንድ ምርት ሁለት እትሞች የሆኑት ማቨሪክስና ሞሃቪ ናቸው። በመካከላቸው አፕል የፋይል ሥርዓቱን ቀይሯል፤ የቀድሞው ስሞችን በፊደል ተራ ይዞ ሲያቆይ፣ አዲሱ ይህን አያደርግም። ማንም ቃል ያልገባበት ነገር ስለነበር መለወጡ እንደ ውል ማፍረስ ሊቆጠር አይችልም። ጥፋቱ ውል በሌለበት በዝምድና መተማመኑ ላይ ነው።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከዚሁ ችግር የራቁ አይደሉም። ሶርት የተባለው ትእዛዝ ቃላትን የሚደረድረው በተመረጠው የቋንቋና የአገር ቅንብር መሠረት ነው። ቅንብሩ የባይት ተራን እንዲከተል ከታዘዘ፣ ዩቲኤፍ-8 በተባለው አጻጻፍ የተቀመጠ ቃል በዩኒኮድ ቁጥሩ ይደረደራል፤ የግዕዝ ፊደል ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱ ቋሚ ተራ አለው። ሌላ ቅንብር ሲመረጥ ግን ተራውን የሚወስነው የላይብረሪው ሠንጠረዥ ነው። በአብዛኞቹ የሊነክስ ስርጭቶች የሚገኘው የግኑ ሲ ላይብረሪ በ2018 በወጣው 2.28 እትሙ ሠንጠረዦቹን በስፋት ከልሷል። በአልፓይን ሊነክስ የሚገኘው መስል ደግሞ የትኛውም ቅንብር ቢመረጥ በባይት ተራ ይደረድራል። ስለዚህ አንድ ከርነል የሚጋሩ ሁለት ሊነክሶች ያንኑ የአማርኛ ቃላት ዝርዝር በተለያየ ተራ ሊያወጡት ይችላሉ። በሁለት ማሽኖች የተደረደሩ ዝርዝሮችን በኮም ወይም በጆይን ትእዛዝ የሚያነጻጽር ተመራማሪ፣ በሁለቱም ዘንድ ያለን ቃል በአንዱ ብቻ እንዳለ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል።

ኮንቴይነር መልስ ነውን?

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሣ ብርቱ ተቃውሞ አለ። ዶከር በ2013 ከወጣ ወዲህ ፕሮግራምን ከሚያስፈልጉት ላይብረሪዎች ሁሉ ጋር በአንድ ኮንቴይነር አሽጎ ማጓጓዝ ተለምዷል። ሥርዓቱ አብሮ ከተጓዘ የሥርዓቶች ልዩነት ምን ያሳስባል? ከዚህም ጋር አብዛኞቹ የምርምር ሰርቨሮች ሊነክስ በመሆናቸው፣ ስለ ሌሎቹ የቤተሰቡ አባላት ማሰብ የታሪክ ፍላጎት ካልሆነ በቀር ፋይዳ የለውም የሚሉ አይጠፉም።

ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው። አንድን ሙከራ በዓመታት ልዩነት እንደገና ለማስኬድ ኮንቴይነር ትልቅ እርዳታ ይሰጣል። ነገር ግን በመጀመሪያ ደረጃ ሁሉንም ነገር አያሽግም። የሚጠቀመው በአስተናጋጁ ከርነል ነው፤ ፕሮሰሰሩም የአስተናጋጁ ነው። በሊነክስ ላይ የሲ ቋንቋ «ቻር» የተባለው ዓይነት በኢንቴል ፕሮሰሰር አሉታዊ ቁጥር ሲይዝ በአርም ፕሮሰሰር አይይዝም፤ የቋንቋው መስፈርት ይህን ለአዘጋጁ ትቶታልና። አፕል በበኩሉ በአርም ማሽኖቹ ላይ አሉታዊ ቁጥር እንዲይዝ አድርጓል።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ ይበልጣል። ኮንቴይነር ውጤት እንዲደገም ያደርጋል እንጂ ትክክል እንዲሆን አያደርግም። የኬሚስትሪው ፕሮግራም በኮንቴይነር ታሽጎ ተሠራጭቶ ቢሆን ኖሮ፣ የትም ቢኬድ አንድ ዓይነት ቁጥር በሰጠ ነበር። ያ ቁጥር ትክክለኛው ቢሆን እንኳ ግምቱ ተደብቆ ይቀር ነበር፤ የተሳሳተው ቢሆን ደግሞ ሁሉም ሰው ያንኑ ስሕተት በታማኝነት ይደግመው ነበር። ጉድለቱ የተገኘው ሥርዓቶቹ በመለያየታቸው ነው። ኦፕንቢኤስዲ በገበያ ብዙም የማይገኙ የፕሮሰሰር ዓይነቶችን ሳይቀር ደግፎ የሚያቆየው፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ላይ የማይታዩ ስሕተቶችን ስለሚያወጡለት ጭምር ነው።

ምን ቢደረግ ይበጃል

የዩኒክስ ዘመዳሞች ለዚህ ዓይነቱ ፍተሻ ልዩ ምቾት አላቸው። ፕሮግራሙ ወደ ጨርሶ ባዕድ ሥርዓት ቢሄድ ብዙው ኮድ እንደገና ይጻፋል፤ ልዩነት ሲታይም ከአዲሱ ኮድ ይሁን ከአሮጌው አይታወቅም። በአንድ ሥርዓት ላይ ብቻ ቢቆይ ደግሞ ምንም አይገለጥም። ዘመዳሞቹ ኮዱን ሳይቀየር ለማስኬድ በቂ ቅርበት፣ የተደበቀውን ግምት ለማጋለጥም በቂ ርቀት አላቸው። ፍሪቢኤስዲ፣ ኦፕንቢኤስዲና አልፓይን ሊነክስ በነጻ ይገኛሉ፤ በማንኛውም ላፕቶፕ ላይም በቨርቹዋል ማሽን ሊሠሩ ይችላሉ።

ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ክፍሎች፣ በራስ በተጻፈ ፕሮግራም ላይ የቆመ መመረቂያ ጽሑፍ ሲቀርብላቸው ሦስት ነገሮችን ቢጠይቁ ተገቢ ነው። አንደኛ፣ ፕሮግራሙ የሚመካበት ውል በስሙ ይጠቀስ፤ ፖዚክስ ከሆነ የትኛው እትም፣ ከመስፈርቱ ውጭ የተወሰደ ነገር ካለም ምን እንደሆነ ይገለጽ። ሁለተኛ፣ ፕሮግራሙ በሲ ላይብረሪያቸው በሚለያዩ ቢያንስ ሁለት የቤተሰቡ አባላት ላይ ተኪዶ ውጤቶቹ ጎን ለጎን ይቅረቡ። ሦስተኛ፣ ውሉ ዝም የሚልባቸው ነገሮች በኮዱ ውስጥ በግልጽ ይወሰኑ፤ የፋይሎች ዝርዝር ጥቅም ላይ ከመዋሉ በፊት ይደርደር፣ የቋንቋ ቅንብሩም በፕሮግራሙ መጀመሪያ ላይ ይታወጅ። የሃዋይ ተመራማሪዎች ያገኙት ችግር የፋይሎቹን ዝርዝር አስቀድሞ በመደርደር የሚፈታ ነበር።

ጥያቄው ገደብ እንዳለው መካድ አይገባም። በአንድ አምራች የግራፊክስ ካርድ ላይ ብቻ የሚሠራ የማሽን ለርኒንግ ፕሮግራም ወደ ኦፕንቢኤስዲ ይሂድ ማለት ከንቱ ነው። በእንዲህ ያለ ሥራ ግን መረጃውን የሚያጸዳው፣ የሚከፋፍለውና የሚቆጥረው ክፍል አብዛኛውን ጊዜ ከካርዱ ጋር አልተሳሰረም። የፋይል ተራና የቃላት ድርደራ ስሕተት የሚገባውም በዚሁ ክፍል ነው፤ ቢያንስ ያ ክፍል ሊፈተሽ ይችላል። የጊዜ እጥረትም እውነተኛ ችግር ነው። የማስረከቢያ ቀን የቀረበበት ተማሪ እየሠራ ያለ ፕሮግራም እንዲያስቸግረው አይፈልግም። ስለዚህ ፍተሻው በመጨረሻው ሳምንት የሚታከል ሸክም እንዳይሆን፣ ከመጀመሪያው የኮድ መስመር ጀምሮ የተለመደ አሠራር እንዲሆን ማድረግ የአማካሪዎች ድርሻ ነው።

ማጠቃለያ

የዩኒክስ ቤተሰብ ታሪክ ሲጠና ትኩረቱ ብዙ ጊዜ ማን ከማን ተወለደ በሚለው ላይ ያርፋል። ለሚያሸጋግር ሰው የሚጠቅመው ጥያቄ ግን ማን ለምን ነገር ቃል ገባ የሚለው ነው። ሊነክስ ያለ ዘር ሐረግ ከቤተሰቡ የተቆጠረው ቃሉን በመጠበቁ ነው፤ የማክኦኤስ ሁለት እትሞች የተለያዩትም ቃል ባልተገባበት ነገር ላይ ነው። በሁለት ዘመዳም ሥርዓቶች ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር የሰጠ ፕሮግራም ለተማሪው መጥፎ ዜና ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ያን ልዩነት ከመመረቂያው በፊት ማየት፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በቁጥሩ ላይ ተመሥርተው የራሳቸውን ሥራ ከገነቡ በኋላ ከማየት እጅግ ይሻላል።